አርባ ሰባት የጉሎ ፍሬ

የተወለድኩበት መንደር ስም የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ መንደሮቹን የሠሩት ሰዎች ስም ለማውጣት ጊዜ አልነበራቸውም መሰለኝ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጥረዋቸው ሄዱ። «የየት ልጅ ነሽ?» ስባል ቁጥር እጠራለሁ። እኔና ቁጥር የተኳረፍነው ምናልባት ከዚያ ጀምሮ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ የጣለኝ ሒሳብ ነው። ከዚያ በኋላ አሶሳ ከተማ አጎቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ፣ የሰው ማስታወሻ እያባዛሁ፣ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እጽፍ ነበር። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ቀለሙን በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የለመድኩት፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። ቁጥር እጠላለሁ የምትል ልጅ ቀኑን ሙሉ በጣቷ ስትቆጥር እንደምትውል ማንም ልብ አላለም። እኔም አላልኩም።

መብራት ኖሮ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ስልኬ ላይ እንከራተታለሁ። አንድ ቀን እንቆቅልሽ ስፈልግ አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ደረስኩ። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰውዬ እዚያ አገኘሁት። በነሱ አገር ነብሩ ተኩላ፣ ቅጠሉ ጥቅል ጎመን ሆኗል እንጂ ሰውዬው ያው የኛው ነው፤ አንዱን ወስዶ ሁለቱን መተው ጨንቆት ዳር ላይ ቆሟል። የሩቅ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየትኛውም መስመር ሲደመር አሥራ አምስት የሚመጣ ሰንጠረዥ፣ እርሳስ ሳያነሱ የሚስሉት ቤት፣ አንዷ የቀለለች ሳንቲም ያለችበት ሚዛን፤ መጀመሪያ በቀን አንድ፣ ኋላ በቀን አምስት። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ ስልኩን አስተረጉመዋለሁ። ሒሳብ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ማንም «ሒሳብ ነው» ብሎ አላስፈራራኝማ።

ይህ ሁሉ መንደርደሪያ ነው። ልነግራችሁ ያሰብኩት ባለፈው የማንጎ ወቅት፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ከአንድ ዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት የሆነውን ነው።

ዓርብ ዕለት ድረ ገጹ ላይ የገበጣ ጨዋታዎች ዝርዝር አገኘሁ። በየአገሩ ያለው ገበጣ ከነሕጉ ተጽፏል፤ ብዙዎቹን ከስልክ ጋር መጫወት ይቻላል። ወደ ታች ስወርድ የከተማዬን ስም አየሁ። ከሥሩ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩ። «በአሶሳ አካባቢ በሁለት ረድፍ ጉድጓድ የሚጫወቱት ገበጣ እንደነበር ተጠቅሷል። ሕጉ አይታወቅም። ዛሬ የሚጫወተው ሰው ያለ አይመስልም።»

ቀና ብዬ በበሩ ወደ ውጭ አየሁ። ማንጎው ሥር «የሌለው ሰው» እየተጫወተ ነበር።

አባ አልማሂ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው። ሰባን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። በየቀኑ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ማንጎው ሥር ይቀመጡና መሬቱ ላይ ከተማሱት ስድስትና ስድስት ጉድጓዶች የረገፈውን ቅጠል በእጃቸው ይጠርጋሉ። ከዚያ ከትንሽ የጨርቅ ከረጢት አርባ ስምንት የጉሎ ፍሬ አውጥተው በየጉድጓዱ አራት አራት ይጥላሉ። ተጋጣሚያቸው ጋሽ መንግሥቱ ናቸው፤ ለሁለት ዓመት ሥራ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ሃያ ዓመት የቆዩ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ከሁለቱ ጨዋታ ይልቅ ስድባቸውን ነበር የማዳምጠው።

«አልማሂ፣ ዓይንህ ጠፍቶ እንኳ ታሸንፈኛለህ? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

«ዓይን ምን ይሠራል? ጣት ያያል። ያንተ ጣት ነው የታወረ።»

ስልኬን ይዤ ወጣሁና የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ጋሽ መንግሥቱ ሳቁ። «እንግዲህ ሞተሃል ማለት ነው፣ አልማሂ። እኔ ከማን ጋር ነው የምጫወተው?»

አባ አልማሂ አልሳቁም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። «አንተ ሰዓዳ፣ ይሄ የጻፈው ሰው የት ነው?»

«ሩቅ ነው፣ አባ። ባሕር ማዶ።»

«ንገረው። አለ በለው።»

«ሕጉን ይንገሩኝና እጽፍለታለሁ።»

«ሕግ?» ፍሬዎቹን እጃቸው ውስጥ አንኳኩ። «ሕግ የለውም። ጨዋታ ነው።»

«ከፈለግሽ ቶሎ በይ» አሉ ጋሽ መንግሥቱ፣ ድምፃቸው ድንገት ዝቅ ብሎ። «ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። ሴት ልጁ ወደምትኖርበት ወደ ማንኩሽ ከተማ ትወስደዋለች። ዓይኑ እንደዚህ ሆኖ ብቻውን አይኖርም አለች።»

በጊዜው የቀረኝ ሁለት ቀን ተኩል ነበር። ሰኞ ከሄዱ በኋላ ማንጎው ሥር ጉድጓዶቹን ቅጠል ይሞላቸዋል፤ ያ ጽሑፍም እውነት ይሆናል። ለድረ ገጹ ባለቤት ዓርብ ማታውኑ ጻፍኩለት። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ «ሕጉን ላኪልኝ፣ ጨዋታውን እሠራዋለሁ። አዛውንቱ ራሳቸው ከስልኩ ጋር ይጫወቱና ይፍረዱ።»

ቅዳሜ ሱቁን ለአጎቴ ትቼ ማንጎው ሥር ዋልኩ። አባ አልማሂ ሕጉን መናገር ስላልቻሉ ከጨዋታው ራሱ ልፈልገው ወሰንኩ። ለጉድጓዶቹ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጠሁና እያንዳንዱን እርምጃ እንደ ስንኝ በመስመር በመስመር ጻፍኩ። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ መታየት ጀመረ። ከአንዱ ጉድጓድ ሁሉንም አንስተህ ወደ ቀኝ አንድ አንድ ትዘራለህ፤ ጫፍ ላይ ስትደርስ ወደ ተጋጣሚህ ወገን ትሻገራለህ። የመጨረሻዋ ፍሬ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ካረፈች አንስተህ ትቀጥላለህ፤ ባዶ ላይ ካረፈች ታቆማለህ። የመጨረሻዋ ፍሬ ጉድጓዱን አራት ካደረገችው ትበላለህ። አንድ ሕግ ስገምት ቀጣዩን እርምጃ እጠብቃለሁ። ግምቴ ሲሰምር ሰውነቴን ይነዝረኝ ነበር፤ ቤት የመታ ግጥም ሳነብ እንደሚሆነው።

አንዳንዴ አባ አልማሂ ይሳሳታሉ። ወደ ማለቂያው ላይ ጋሽ መንግሥቱ ፍሬ ጨርሰው፣ እጃቸው ባዶ ጉድጓዶች ላይ ተንጠልጥሎ፣ አባ አልማሂ በራሳቸው ወገን ትንሽ ገፋ ቢያደርጉ ጨዋታው የሚያልቅ ሲመስለኝ፣ ትልቁን ጉድጓዳቸውን አንስተው ወዲያ ማዶ ይዘሩታል። የጋሽ መንግሥቱ ወገን እንደገና ነፍስ ይዘራል።

«አባ፣ እዚህ ጋ ተሳሳቱ እኮ። አሸንፈው ነበር።»

«ተሳሳትኩ?» ብለው ፈገግ ይላሉ። «እሺ።»

ማስታወሻዬ ላይ «ስህተት» ብዬ አሰመርኩበት። ዓይናቸው ነው፣ እርጅና ነው አልኩ።

አመሻሹ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ፤ ጨዋታው እንዴት እንደሚያልቅ። አይቼው አላውቅም፤ አንዳቸው «በቃ፣ በላኸኝ» ብለው ነው የሚያቆሙት። እና ያላወቅኩትን ቦታ በማውቀው ሞላሁት። ስልኬ ላይ የተጫወትኳቸው ብዙዎቹ ገበጣዎች የሚያልቁት አንዱ ወገን ባዶ ሲቀር ነው። «ተጋጣሚውን ባዶ ያስቀረ ያሸንፋል» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ።

እሑድ ረፋድ ላይ ጨዋታው ተሠርቶ መጣ። አባ አልማሂ የስልኩን መስታወት ማየት ስለማይችሉ እኔ የስልኩ እጅ ሆንኩ። ስልኩ የሚለውን መሬቱ ላይ እዘራለሁ፣ እሳቸው የሚጫወቱትን ስልኩ ላይ እነካለሁ። ጋሽ መንግሥቱ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳኛ ሆኑ።

«ይሄ ቆርቆሮ ጎበዝ ነው» አሉ አባ አልማሂ መሃል ላይ። ፊታቸው በርቶ ነበር። «መንግሥቱ፣ ካንተ ይሻላል።»

«ይሁን፤ እኔ ቻርጅ አልፈልግም።»

ወደ ማለቂያው የአባ አልማሂ ወገን ሳሳ። የመጨረሻዋን ፍሬያቸውን ሲያንቀሳቅሱ ወደ ስልኩ ወገን ተሻገረች። ቀጥሎ ስልኩ በራሱ ወገን ብቻ ሁለት ፍሬ ገፋና መስታወቱ ላይ ጽሑፍ ብልጭ አለ። አነበብኩት።

«ጨዋታው አለቀ። አሸናፊው ስልኩ ነው።»

«ምን አለቀ?»

«የእርስዎ ወገን ባዶ ቀረ፣ አባ።»

እጃቸውን ዘርግተው ስድስቱን ባዶ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ይሄን ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ይሄ ጨዋታ አይደለም። ይሄ ዘረፋ ነው።» ፍሬዎቹን ወደ ከረጢቱ ጠራርገው፣ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ። «አጥፋው። የለም በለው። የለም ቢባል ይሻላል።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጽ ስንኝ ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም። ጋሽ መንግሥቱን «ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው።

«እንጃ፣ ልጄ። ሃያ ዓመት ከሱ ጋር ስጫወት እንደዚህ ሆኖ አያውቅም።»

ሱቁ ውስጥ ገብቼ ማስታወሻዬን ከመጀመሪያው አነበብኩ። ጋሽ መንግሥቱ ያሉት ጆሮዬ ላይ ቀርቷል፤ ሆኖ አያውቅም። ለምን? ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ ባዶ አይቀርም? ገጹን ሳገላብጥ «ስህተት» ብዬ ያሰመርኩበትን አገኘሁ። ሌላ ገጽ ላይ ሌላ «ስህተት»። ሦስተኛም ነበር። ሦስቱንም ጨዋታዎች በእስክሪብቶ ክዳንና በወረቀት ማያያዣ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። በሦስቱም የጋሽ መንግሥቱ ወገን ባዶ ነው። በሦስቱም አባ አልማሂ ፍሬ ወደ ማዶ የሚያሻግረውን ጉድጓድ መረጡ። ሰው ሦስት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሳሳትም። ሕጉ እሱ ራሱ ነበር። ጥሶት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ሕግ መሆኑን ሁለቱም አያውቁም፤ እኔም ስህተት ያየሁ መስሎኝ ከነመስመሩ መዘገብኩት።

እየሮጥኩ ቤታቸው ሄድኩ። ዕቃቸው በጆንያ ታስሮ በራፉ ላይ ከቀርከሃ በተሠራ መደብ ተቀምጠዋል። ደመናው ከብዷል።

«አባ፣ ተጋጣሚ ባዶ ከሆነ ፍሬ ይሰጠዋል?»

ወደ ድምፄ ዞሩ። «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?»

«አላወቅኩም ነበር።»

«የየት ልጅ ነህ አንተ?» አሉኝ። የመንደሬን ቁጥር ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ። እዚያ የኛ እርሻ ነበረ። ያኔ እኔ ወጣት ነኝ። የናንተ ሰው በመኪና መጣ፣ ብዙ። እኔ በጣም ተናደደ፤ ወላሂ፣ አልዋሽህም። የመጀመሪያ ዓመት እህላቸው ጠፋ። እናቴ አንድ ቅል ሙሉ የማሽላ ዘር ሰጠኝ፣ ውሰድላቸው አለ። ለምን? አልኩ። መሬት ወሰደ፣ ዘር ደግሞ ይወስዳል? እናቴ ምን አለ?» በባዶ እጃቸው የመዝራት ምልክት አሳዩኝ። «ጎረቤት ባዶ ከሆነ ከማን ጋር ትጫወታለህ? አለ።»

እናቴ የዚያን ዓመት ማሽላ ስታነሳ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዘሩ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

እዚያው መደብ ላይ ተቀምጬ ለመምህሩ ጻፍኩለት። «ተሳስቻለሁ። ተጋጣሚው ባዶ ከሆነ ፍሬ የሚያሻግር እርምጃ መጫወት ግዴታ ነው። ጨዋታው የሚያልቀው መስጠት የማይቻል ሲሆን ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ስለሚሄዱ እባክህ ፍጠን።» ላኪ የሚለውን ስጫን ዝናቡ ጣራው ላይ ወረደ። ኔትወርክም መብራትም አብረው ሄዱ። መልእክቱ በመላክ ላይ እያለ ስልኬን አቅፌው አደርኩ።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል መናኸሪያ ደረስኩ። ጋሽ መንግሥቱ ቀድመውኛል፤ ኮታቸውን ለብሰዋል። አባ አልማሂና ልጃቸው ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፤ «ማንኩሽ! ማንኩሽ! ሰባት ሰው የቀረው!» ያን ጊዜ ስልኬ ተንጫጫ። ኔትወርክ ተመልሷል፣ መልእክቴም ሄዷል። መምህሩ ያለበት አገር ገና ምሽት ነው፤ ነቅቶ ከሆነ ብዬ ጸለይኩ።

«አምስት ሰው የቀረው!»

ስልኩን አየሁ። ምንም የለም።

«ሦስት ሰው! ግቡ፣ ግቡ!»

ጋሽ መንግሥቱ ረዳቱን ክንዱን ያዙት። «አንተ ልጅ፣ ጎማህ ትንሽ አልተነፈሰም?»

«ኧረ ሙሉ ነው፣ አባባ!»

«እስቲ ደህና አድርገህ እየው። የሰው ነፍስ ነው የያዝከው።» ረዳቱ እያጉረመረመ ጎንበስ ሲል መልእክቱ ገባ።

«አስተካክዬዋለሁ። ትናንት ስልኩ የመጨረሻ እርምጃውን ከመጫወቱ በፊት በነበረው ቦታ ላይ ከፍቼዋለሁ፤ ተራው የስልኩ ነው። ትክክል መሆኑን እሳቸው ይንገሩን።»

መሬቱ ጭቃ ነው። ከቅቅል እንቁላል ሻጯ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ለመንኩ፤ ከረድፎቹ ሁለቱን፣ ስድስትና ስድስት ቤት፣ ቀድጄ አባ አልማሂ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩ። ከከረጢቱ ፍሬ እያወጣሁ የትናንቱን ቦታ ደረደርኩ። የስልኩ ወገን ፍሬ አለው። የሳቸው ስድስት ቤት ባዶ ነው።

«ተወው፣ አንተ ልጅ» አሉ።

«አንድ እርምጃ ብቻ፣ አባ።»

ስልኩን ነካሁት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ በዳር ያለውን ትልቁን ቤቱን አነሳ። እኔም አነሳሁና ወደ ማዶ ዘራሁ። አባ አልማሂ በጣታቸው ዳሰሱ። አንዱ ቤት ውስጥ አንድ ፍሬ። ቀጥሎ አንድ። ቀጥሎ አንድ።

«ሰጠ?»

«ሰጠ፣ አባ።»

«ቆርቆሮው?»

«ቆርቆሮው።»

ጥርሳቸው ታየ። «ና በለው እንግዲህ» ብለው ተቀመጡበት፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላ ወንበር አንድ ወታደር «ሁለተኛዋን! ሁለተኛዋን አንሳ!» ሲል ጋሽ መንግሥቱ «ዝም በል፣ ለሃያ ዓመት ያልገባኝ ላንተ በምን ይገባሃል?» አሉት። ረዳቱ ራሱ መጮሁን ትቶ ያያል። ጨዋታው ሲያልቅ ስልኩ በአራት ፍሬ በለጠ።

«ተሸነፉ እኮ፣ አባ» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«አዎ። ዛሬ በጨዋታ ነው የተሸነፈ።» ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደ ከረጢቱ መለሱና ከረጢቱን እጄ ላይ አደረጉ። «ማንኩሽ ጉሎ አይጠፋም። ይሄን አንተ ያዝ። መንግሥቱ እንዳይዝግ።» ሚኒባሱ ሲወጣ ጋሽ መንግሥቱ ኮታቸውን ቆልፈው ፈተው፣ ቆልፈው ፈተው ቆሙ።

አሁን ድረ ገጹ ላይ ያ ሦስት ዓረፍተ ነገር የለም። ከሕጎቹ ሥር «አሶሳ ውስጥ በማንጎ ሥር ይጫወታሉ፤ ሕጉን ያሳዩት አባ አልማሂ ናቸው» ይላል። የማላውቃቸው አገሮች ሰዎች ተጋጣሚያቸው ባዶ ሲቀር ፍሬ እየሰጡ ይጫወታሉ። ጋሽ መንግሥቱም ይጫወታሉ፤ ከኔ ጋር። ሁለቴ አሸንፌያቸዋለሁ፣ ስማቸውን ለማዳን ሲሉ አይናገሩትም።

እኔ ደግሞ ለሒሳብ ፈተና እንደገና ተመዝግቤያለሁ። አልፋለሁ ብዬ አልምልላችሁም። ግን የመለማመጃ ፈተና ስገልጥ መልሼ አልዘጋውም፤ ቁጥሮቹ ማንጎው ሥር ያየኋቸው ናቸው። ግጥምም አልተውኩም። ከሁሉም የተረፈኝ አንድ ልማድ ነው፤ የሰው ሥራ ሳይ «ስህተት» ብዬ ከመጻፌ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። እናንተም በሰፈራችሁ ጥግ ጠጠር የሚያንቀሳቅሱ ሽማግሌዎች ካሉ፣ ዝም ብላችሁ አልፋችሁ አትሂዱ። ቁጭ በሉ። ሕጉን አትጠይቁ፤ ተመልከቱ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የዚያን ሰኞ ቤት ገብቼ ፍሬዎቹን ቆጠርኩ። አርባ ሰባት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ፤ አርባ ሰባት። ወደ መናኸሪያ ተመልሼ በእንቁላል ቅርፊትና በጭቃ መሃል እስኪደክመኝ ፈለግኩ። ሦስት ቀን አፍሬ ቆይቼ በልጃቸው ስልክ ደወልኩ፤ ለሒሳብ ፈተናው እንደገና ልመዘገብ እንደሆነ ከነገርኳቸው በኋላ አወጣሁት።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ፍሬ ጠፍቶብኛል።»

ከወዲያ ጫፍ ሳቃቸው መጣ። «አልጠፋም። እኔ ኪስ ነው።»

«ለምን?»

«እኔ እዚህ ባዶ ልቅር? ፈተና ጨርስ። ከዚያ ና ውሰደው።»